የ«ማዶ»ዋ እትዬ ትርንጎ

የእትዬ ትርንጎን ማረፍ የነገሩኝ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑር ናቸው። ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ፣ ከኤርፖርቱ የጭነት ክፍል ወጥቼ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ስጠብቅ ስልኬ ጠራ። የሐጂ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ጤናውን፣ ሥራውን፣ ዝናቡን፣ የሰፈሩን ሰላም ሳይጠይቁ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። ያን ቀን ግን «ራሔል ልጄ» ብቻ አሉኝ።

«ማን ነው ያረፈው?» አልኳቸው።

«ትርንጎ። ዛሬ ጠዋት እንደተኛች ነው ያገኟት። አላህ ሲወዳት አላንገላታትም።»

ማታቱው መጣ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ማማ፣ ትዌንዴ» እያለ እንድሳፈር ጠራኝ፤ ቆሜ ስቀር ትቶኝ ሄደ። እዚያው መንገድ ዳር አለቀስኩ። ከለቅሶው ጋር ግን ያልጠበቅሁት ሌላ ስሜት መጣብኝ። ኩራት ነበር። ናይሮቢ ውስጥ ከእኛ ሰው መካከል ትልልቅ ድርጅት ውስጥ ትልልቅ ወንበር የያዙ አሉ፤ ሕንጻ የሠሩም አሉ። እኔ ግን «በሕይወትሽ ማንን አወቅሽ?» የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ እትዬ ትርንጎን አውቃቸው ነበር እለዋለሁ።

እትዬ ትርንጎ «ማዶ» የምትባል የአማርኛ የፖለቲካ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ነበሩ። ዛሬ መጽሔቷን የሚያስታውስ ብዙ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሁለት ሺዎቹ አጋማሽ፣ አዲስ አበባ ላይ የግል ጋዜጦች ተዘግተው ጋዜጠኛው በየአቅጣጫው በተበተነበት ጊዜ ናይሮቢ ተወለደች፤ ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ እዚያው ናይሮቢ ተዘጋች። ቢሮዋ ካሳራኒ፣ ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ፣ የእትዬ ትርንጎ የኪራይ ቤት ሳሎን ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ወገቡ የጎበጠ ሶፋና ግድግዳውን ይዞ የተደረደረ ያልተሸጠ እትም፤ መጽሔት ማለት ይኸው ነበር።

አገር ቤት እያሉ ለብዙ ዘመን የአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ አራሚ ነበሩ፤ በኋላም ምክትል አዘጋጅ ሆኑ። ስማቸውን የሚያውቀው አንባቢ ጥቂት ነው፤ በእጃቸው ሳያልፍ የታተመ ጽሑፍ ግን አልነበረም። ጋዜጣው ተዘግቶ ባልደረቦቻቸው ሲታሰሩ፣ በአንድ የእጅ ቦርሳ ሞያሌ ገብተው ድንበሩን በእግራቸው ተሻገሩ። ያኔ ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል።

«ለምን ማዶ አሏት?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ሞያሌ ተሻግሬ ዞር ስል፣ ቅድም የቆምኩበት ሰፈር ማዶ ሆኖ ታየኝ» አሉኝ። «እዚያ ቆሞ የሚያየኝ ሰው ደግሞ እኔን 'ማዶ ያለችው ሴትዮ' ነው የሚለኝ። እንግዲህ ስሙ የሁላችንም ነው።»

እኔን ያገኙኝ በሰው ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ የመጽሔት ገጽ ማቀናበር ተምሬ ነበር፤ ናይሮቢ የመጣሁት ግን በአየር ጭነት ሥራ ነው። የአማርኛ ፊደል ኮምፒውተር ላይ አሳምሮ የሚደረድር ሰው ሲያፈላልጉ ስሜ ደረሳቸው፤ ደወሉልኝ። «ደመወዝ የለም። ሥራው ብዙ ነው። ምሳ ግን አለ» አሉኝ። ሳቄ መጣ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑዴ የእሳቸው ሆነ።

አጭር ናቸው፤ ቀጭን። ከሰኔ ጀምሮ የናይሮቢ ብርድ ሲገባ ከማይወልቅ ግራጫ ሹራባቸው ላይ ነጠላ ይደርባሉ። ሲያነቡ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በመስመሩ ሥር ቀስ እያደረጉ ይጎትታሉ። ጥፍሩ ከቆመ መነጽሩ ወደ ግንባር ይወጣል፤ መነጽሩ ከወጣ ጸሐፊው ይጨነቅ። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ባዩ ማነው?»

«ተባለ»፣ «ይነገራል»፣ «ውስጥ አዋቂዎች እንደሚሉት» የሚባሉ ቃላት እሳቸው ዘንድ አያልፉም። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ዶሮዋን የገደላት ገመዱ ይመስልሻል? 'ሲሉ' ነው የገደላት» ይሉኛል። ማንኛውም ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ጸሐፊው ራሱ ሳሎኑ መሐል ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ አለበት። አንዳንዱ በወረቀት ላይ ጀግና የነበረ፣ ድምፁን ሲሰማ ራሱ ያፍራል። ጎረቤቶቻችን ኬንያውያን ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያ ቤት የሚወጣውን የማይገባቸውን ንባብ ለምደውት ነበር። የቤቱ ባለቤት «ማማ ጋዜቲ» ብለው ስም ሰጧቸው፤ የጋዜጣዋ እናት እንደማለት። ስሙ ማታቱ ማቆሚያው ድረስ ወርዶ የማታቱ ረዳቶች ሳይቀሩ «ማማ ጋዜቲ፣ ወደ ከተማ ነው?» እያሉ ወንበር ይይዙላቸው ነበር።

ቅድስት አልነበሩም። ግትር ናቸው፤ ምላሳቸው ይቆርጣል። ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ብለው ያለቀ ገጽ አስፈርሰውኛል። ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ይልቁንም ይቀንሳል፤ ያ ደግሞ ይብሳል። በውሃ ጉዳይ የተጣሉትን ጎረቤት ዓመት ሙሉ ሰላም ያላሉ ሴት ናቸው። መጽሔት ላይ ሲሆን ግን ለሚጠሉት ሰው እንኳ ቃሉን አሳጥረው አያውቁም። የመንግሥት ባለሥልጣን የተናገረውን ስናወጣ ንግግሩን ሙሉውን እናወጣለን፤ ትችቱ ከሥር ይመጣል። «ሰውየው ያለውን በልኩ ከነገርሽው በኋላ አንባቢው ራሱ ይፈርዳል። አንባቢውን ካልናቅሽው በቀር ለምን ትቆርጪበታለሽ?» ይላሉ።

መጽሔቷ ከተማ መሐል በአንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ትታተማለች። ከዚያ ግማሹ ኪሊማኒ ባሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች ይሸጣል፤ ግማሹ ኢስሊ፣ የሐጂ ኑር ጨርቅ ሱቅ ይገባል። ሐጂ ከሞያሌ ወዲያና ወዲህ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጨርቃቸው ወደ ሰሜን ሲጫን «ማዶ»ም በመካከሉ ትሄዳለች። ከሞያሌ ወዲያ እንዴት እንደምትጓዝ እኛ አናውቅም ነበር።

አንድ ጊዜ ግን አወቅን። ሐጂ ካሳራኒ ድረስ መጥተው ከብብታቸው አንድ ያረጀ ነገር አወጡ። የራሳችን እትም ነበረች። ድንበር ተሻግራ፣ ስንት ከተማ ዞራ፣ ተመልሳ መጥታለች። ሽፋኗ አልቋል፤ ጀርባዋ በነጭ ክር ተሰፍቷል። መሐሏ ላይ የነበሩት ገጾች ጠፍተው በቦታቸው የተማሪ ወረቀት ገብቷል፤ የጎደለውን ጽሑፍ አንድ የማናውቀው ሰው በእጁ ገልብጦ ሞልቶታል። እትዬ ትርንጎ ዋናውን እትም ከግድግዳው ሥር አውጥተው፣ በዚያው በአውራ ጣት ጥፍራቸው መስመሩን እየተከተሉ፣ ሁለቱን ቃል በቃል አስተያዩ። እኛ ከብበን እናያቸዋለን። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንድ ቃል አልጨመረበትም» አሉ። «አንድም አልቀነሰ። አይታችኋል? ማንም አያየውም እኮ፤ የፈለገውን መጨመር ይችል ነበር።» ከዚያም ፊታቸውን ወደ ጓዳው አዞሩ። ያን ቀን ሲያለቅሱ መሰለኝ፤ እርግጠኛ ስላልሆንኩ ግን አለቀሱ አልልም። ይሄንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ከጸሐፊዎቻችን ሁሉ የሚነበበው ሰሎሞን ነበር። ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ፣ አገር ቤት ሁለት ጊዜ የታሰረ፣ ብዕሩ እሳት የሆነ ጋዜጠኛ። አንባቢ መጽሔቷን ሲገዛ መጀመሪያ የሚገልጠው የእሱን ዓምድ ነው። እትዬ ትርንጎ ከማንም በላይ የሚያርሙት እሱን ነው፤ ከማንም በላይ የሚወዱትም እሱን ነበር። እሱም «እትዬ ያላረሙት ጽሑፍ ያልታጠበ ሸሚዝ ነው» እያለ ለሰው ይናገርላቸዋል። ለዚህ ነው በመካከላቸው የሆነው ነገር እንደዚያ የከበደን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስደተኞቹ መካከል ሦስት ወጣቶች ቤተሰባቸውን በድብቅ ለማግኘት ወደ ድንበር ወርደው፣ ሞያሌን እንደተሻገሩ ተያዙ። ወሬው ናይሮቢ ሲደርስ ሁላችንም ደነገጥን። መሄዳቸውን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበርና ማን ነገረባቸው የሚለው ጥያቄ ከቤት ቤት ዞረ። ሳምንት ሳይሞላ ጣት ሁሉ ወደ አንድ ሰው ተቀሰረ፤ ወደ አቶ ተፈራ።

አቶ ተፈራ አገር ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ናይሮቢ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ለስደተኞች ያስተረጉማሉ። ዝምተኛ ናቸው፤ ሚስታቸው አገር ቤት ሞተዋል፤ ካሳራኒ፣ ከእትዬ ትርንጎ ቤት ብዙም ሳይርቅ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከተያዙት ልጆች አንዱ ጎረቤታቸው ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ወደ ኤምባሲያችን በር ሲገቡ ታይተዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ከዚያ መንግሥት ሸሽቶ የተሰደደ ሰው ኤምባሲ ምን ያደርጋል?

ሰሎሞን ጻፈው። ርዕሱ «በመካከላችን ያለው ጆሮ» ይላል። የአቶ ተፈራን ስም ከነአባታቸው፣ ሰፈራቸውን፣ የሚሠሩበትን ቦታ አንድ ሳያስቀር አስገብቶበታል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ መሐል ቆሞ አነበበው። ጽሑፉ ያምር ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ሲጨርስ ሶፋው ላይ የተቀመጡት ሁሉ «ይገባዋል» አሉ። እኔም ጽሑፉ እንደሚወጣ አልተጠራጠርኩም ነበር።

እትዬ ትርንጎ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡ።

«ባዩ ማነው?»

«ሰው ሁሉ ይላል፣ እትዬ።»

«ሰው ሁሉ የአባቱ ስም ማነው?»

«ኤምባሲ ሲገባ በዓይናቸው ያዩት አሉ።»

«መግባቱን አዩ። የተናገረውን የሰማ አለ?»

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባላል እኮ፣ እትዬ።»

«ይባላል። ስንጥር የሚፈልግ ሰው ግን ገንፎውን መሬት ላይ አይደፋም።»

ሰሎሞን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «እሺ» አለ፤ «ነገ ሌላ ልጅ ቢያዝስ? እኛ እያወቅን ዝም ብለን ሌላ እናት ብታለቅስ፣ ተጠያቂው ማነው?»

ጥያቄው ከባድ መሆኑን ከእትዬ ትርንጎ ፊት አየሁ። «እኔ ልሆን እችላለሁ» አሉ። «ስለዚህ ዝም አልልም፤ ሄጄ እጠይቀዋለሁ።»

«ማንን?»

«ራሱን አቶ ተፈራን ነዋ። የሰው ስም ውሰት ነው፣ ሰሎሞን። ከጎረቤት ድስት ስትዋስ አጥበህ ነው የምትመልሰው። አጥቁረህ ከመለስከው በኋላ ይቅርታ ብትል፣ ድስቱ አይነጣም።»

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ አቶ ተፈራ ቤት ሄዱ። ብዙ ቆዩ። እኔና ሰሎሞን ሳሎን ተቀምጠን እንጠብቃለን። ሲመለሱ ፊታቸው ዝሎ ነበር፤ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«ጽሑፉ አይወጣም» አሉ።

«ምን አለዎት?» አለ ሰሎሞን።

«ያለኝን ለእኔ ነው ያለኝ።»

«ማስረጃ ካለ ለእኛም ይንገሩን። እኛ ማን ነን? ባዕድ ነን?»

«ማስረጃ አለ። ግን የእኔ አይደለም፤ ስለዚህ ልሰጥህ አልችልም።»

ሰሎሞን ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ «እንግዲያው መጽሔቷም የእኔ አይደለችም» ብሎ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ የጫማው ድምፅ እስኪጠፋ እትዬ ትርንጎ አልተነሱም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ክፉ ጊዜ ነው። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ሰሎሞንን ተከትለው ሄዱ። ወረቀትና ቀለም ይረዱን የነበሩት ሰዎች እጃቸውን ሰበሰቡ። ኪሊማኒ ያሉት ምግብ ቤቶች «ደንበኛ ይቆጣብናል» ብለው መጽሔቷን አንቀበልም አሉ። ከሁሉ የባሰው ወሬው ነበር። «ትርንጎንም ገዝተዋታል» ተባለ። ዕድሜ ልካቸውን «ተባለ»ን ሲዋጉ የኖሩት ሴት ራሳቸው የ«ተባለ» መብል ሆኑ። አንድ ቀን ስለዚህ ሲወራ ሰምቼ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን የገጽ ማረሚያቸውን ሳይተዉ፣ «ባይዋ አንቺ ካልሆንሽ፣ ለምን ታደርሺዋለሽ?» አሉኝ።

ሰዎች ሐጂ ኑርም ዘንድ ሄደው መጽሔቷን እንዳይጭኑ ነገሯቸው። ሐጂ የመለሱትን እዚያ የነበረ ሰው ነግሮኛል። «እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ጨርቅ ስገዛ አጥቤ ነው ቀለሙን የማየው። ይህችን ሴትዮ ታጥባ አይቻታለሁ፤ ቀለሟ አልለቀቀም» አሏቸው። በዚያው ወር «ማዶ» ቀጥና ወጣች፤ አብዛኛውን እትዬ ትርንጎ ራሳቸው ጻፉት። ወጣች ግን።

አንድ እሑድ ምሳ ልጋብዛቸው ብዬ ኪሊማኒ ይዣቸው ሄድኩ። ምግብ ቤቱ ሞልቷል። በአንድ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ግን አቶ ተፈራ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። በኋላ እንደሰማሁት፣ ሲቀመጡ አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ሳህናቸውን አንስተው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተጣብበዋል። ሰሎሞንም እዚያ ነበር። እትዬ ትርንጎ ቤቱን አንድ ጊዜ በዓይናቸው ዞሩትና ቀጥ ብለው ወደ አቶ ተፈራ ሄዱ።

«ይህ ወንበር ሰው አለው?»

አቶ ተፈራ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እትዬ፣ ይቅርብዎ። ለእርስዎ ጥሩ አይደለም» አሏቸው።

«እኔ ርቦኛል» አሉና ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። «ራሔል፣ ነይ እንጂ።»

ተቀመጥኩ። ጀርባዬ ላይ ዓይን ሁሉ እንዳረፈ ይሰማኝ ነበር። እትዬ ትርንጎ እጃቸውን ታጥበው የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለሉና ለአቶ ተፈራ ዘረጉላቸው። አቶ ተፈራ ጎረሱ። ማኘክ አልቻሉም፤ ለረጅም ጊዜ አፋቸው ውስጥ ይዘውት ቆዩ። እትዬ ትርንጎ ስለ ዝናቡ፣ ቲካ መንገድ ላይ ስለሚቆፈረው ጉድጓድ፣ ስለ ጎመን መወደድ፣ ከዚያ በፊት በአንድ ቀን ካወሩት ሁሉ በላይ አወሩ። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ እዚያ ሄደው ከአቶ ተፈራ ጋር ምሳ በሉ። ሥራ ያልያዘኝ ጊዜ እኔም አብሬያቸው እሄድ ነበር። ለምን እንደሚያደርጉት ግን አልጠየቅኳቸውም፤ ብጠይቅም አይነግሩኝም።

የዝናቡ ወራት አልፎ፣ አንድ ከሰዓት ሥራ ላይ ሳለሁ ደወሉልኝ። «ስትጨርሺ ወደ መንገደኞች መውጫው በር ነይ። ሰው እንቀበላለን» አሉኝ። ስደርስ ከአቶ ተፈራ ጋር ቆመዋል። አቶ ተፈራ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። በእጃቸው አበባ ይዘዋል። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንድ እርምጃ ይራመዱና ይመለሳሉ። በመጨረሻ ከአንዲት የአየር መንገድ ሠራተኛ ጋር ረዘም ያለች፣ ቀጭን ልጅ ወጣች፤ ፓስፖርቷን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች። ዙሪያውን አየች። «አባዬ?» አለች፤ እንደ ጥያቄ። ሲለያዩ ትንሽ ልጅ ነበረችና እርግጠኛ አልነበረችም። አበባው መሬት ወደቀ።

ወደ ካሳራኒ ስንመለስ ታክሲው ውስጥ አቶ ተፈራ ሁሉን ነገሩኝ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ልጅቷ አክስቷ ጋ ነበረች፤ አክስቷ ደግሞ በጠና ታመሙ። ልጅቷ ፓስፖርት እንድታገኝ አባት ኤምባሲ ቀርቦ መፈረም ነበረበት። «ሸሽቼው የመጣሁትን በር አንኳኩቼ ልለምን ሄድኩ» አሉኝ። «ዛሬ ና፣ ነገ ና እያሉ አመላለሱኝ። ስደተኛው ቢሰማ ከሃዲ ይለኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። እትዬ መጥተው ሲጠይቁኝ ግን ነገርኳቸው። ስሜ በክፉም ሆነ በደግ በመጽሔት ከወጣ፣ እነዚያ ሰዎች ወረቀቱን ይይዙብኛል፤ ልጄም እዚያው ትቀራለች አልኳቸው። እሳቸውም እሺ አሉኝ። እሺ ሲሉ ምን ያህል እንደሚያስከፍላቸው ያኔ አላወቅሁም ነበር።»

እትዬ ትርንጎ ከፊት ወንበር ተቀምጠው በመስኮቱ ውጭውን ያያሉ። እንዳልሰማ ሆኑ።

በሚቀጥለው እሑድ አቶ ተፈራ ልጃቸውን ይዘው ያ ምግብ ቤት ገቡ። ቆመው፣ መምህር ሲያስተምር እንደሚናገረው በተረጋጋ ድምፅ፣ «ኤምባሲ የሄድኩት ለዚህች ነው» ብለው ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገሩ። ከጥግ ያሉ አንዲት ሴት ተነሥተው ልጅቷን ሳሟት፤ ከዚያ ሌላም ተነሣ። ሰሎሞን ያዘዘውን ምግብ ሳይነካ ወጣ። ከወራት በኋላ ደግሞ ከተያዙት ወጣቶች አንዱ ተፈቶ ናይሮቢ ሲመለስ እንዴት እንደተያዙ ነገረን። ከመካከላቸው አንዱ ለእጮኛው በስልክ «እየመጣሁ ነው» ብሏት፣ ደስታውን መያዝ ያልቻለው ቤተሰቧ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶት ኖሯል።

ሰሎሞን ካሳራኒ የመጣው ግን ያን ሳይሰማ ነው፤ አቶ ተፈራ ከተናገሩ በኋላ ባለው ቅዳሜ። እኔ ፊደል እየደረደርኩ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣

«ለምን አልነገሩኝም?» አላቸው። «አንድ ቃል ቢነግሩኝ ኖሮ እኔው እሟገትልዎ ነበር። ያን ሁሉ ስድብ ለምን ተሸከሙት?»

«አንተን ለማስመለስ ብዬ የአቶ ተፈራን ልጅ ላስቀርበት?»

ሰሎሞን አንገቱን ደፋ። እሳቸውም ከዚያ በላይ አላስጨነቁትም። «አሁን ቁጭ በል» አሉት። «ገጽ ሦስት ባዶ ነው። ራሔልን እያስጠበቅሃት ነው።» ተቀመጠ። ያንን ገጽ ሲጽፍ ደጋግሞ ዓይኑን ሲጠርግ አይቻለሁ። ጽሑፉን ሲያነብላቸው ግን እንደ ድሮው በየመስመሩ አስቆሙት።

«ማዶ» ከዚያ በኋላም ዓመታት ኖራለች። ጸሐፊዎቹ ተመለሱ፤ ምግብ ቤቶቹም በራቸውን ከፈቱ። ቀስ በቀስ ግን ጸሐፊዎቹ አንድ በአንድ ወደ ሦስተኛ አገር ሄዱ፤ አንባቢውም ወሬውን በኢንተርኔት ማየት ጀመረ። እትዬ ትርንጎም ዓይናቸው ደከመ። አንድ ቅዳሜ ሰበሰቡንና «የሚቀጥለው እትም የመጨረሻው ነው» አሉን። ሰሎሞን የካናዳ ጉዞው ደርሶለት ነበር። የመሰናበቻውን ርዕሰ አንቀጽ እኔ ልጻፈው አለ፤ ስለ ከፈልነው መሥዋዕትነት፣ ስለ ጽናታችን።

«ርዕሰ አንቀጽ የለም» አሉት። «ማረሚያ ነው የምናወጣው። ከመጀመሪያው እትም እስከ ዛሬ የተሳሳትነውን ሁሉ። አንባቢ በእጁ ገልብጦ የሚያስቀምጠው ነገር ከሆነ፣ ስህተታችንን ይዞ አይኑር።»

ሁላችንም ሳምንታት ሙሉ የድሮ እትሞችን አገላበጥን። በስህተት የጻፍነው የሰው ስም፣ ያጋነንነው የሰልፈኛ ብዛት፣ ቃሉን አዛብተን ያወጣንበት ሰው፤ የተገኘው ሁሉ ገባ። አንድ ሚኒስትር ዋሸ ብለን የጻፍንበት ጉዳይ ላይ ሰውየው እውነቱን ተናግሮ እንደነበር ደረስንበት። ይህኛው ማረሚያ ግን ለሰሎሞን አልዋጥለት አለ።

«እትዬ፣ ይሄ ይቅር። ሰውየው ይስቅብናል።»

«ይሳቅ» አሉ። «ለመሳቅም ማንበብ አለበት።»

እትሟ ከማተሚያ ቤት የመጣች ቀን ሳሎኑ በሰው ተሞላ። ሌሎች መጽሔቶች ሲዘጉ ራሳቸውን አሞግሰው ይዘጋሉ፤ የእኛዋ ራሷን አርማ ተዘጋች። አቶ ተፈራ ከልጃቸው ጋር መጥተው ነበር። አንድ ቅጂ አንስተው መስኮቱ አጠገብ ቆሙና የማረሚያውን ገጾች ማንበብ ጀመሩ። ከላይ እስከ ታች፣ ስም በስም፣ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ። እያንዳንዱን ገጽ ሲገልጡ ጫጫታው እየቀነሰ መጣ፤ ምን እንደሚፈልጉ ሁላችንም ገብቶናል። ሰሎሞን ግድግዳውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። የመጨረሻውን ገጽ ጨርሰው ቀና አሉ።

«እኔ የለሁበትም» አሉ።

«የሉበትም» አሉ እትዬ ትርንጎ።

እትዬን እንደዚያ ቀን ኮርተው አይቻቸው አላውቅም።